ወልዲያ የጎደላት አጥቂ አይደለም

ሰሜን ወሎ ውስጥ ሦስት ሰው ተቀምጦ ስለ ኳስ ካወራ፣ አራተኛው መጥቶ ምን እንደሚጨምር አስቀድሞ ይታወቃል፦ «አንድ ደህና አጥቂ ቢኖረን ኖሮ አንወርድም ነበር!» ወልዲያ ፒያሳ ሻይ ቤት ብትገቡ ይህንኑ ትሰማላችሁ። መርሳ ላይ ከዲኤስቲቪ ቤት የሚወጣው ወጣትም የሚለው ይህንኑ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር፣ የዝውውር ወሬ በተነሣ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው፦ «አጥቂ ማን መጣ?»

ዛሬ ይህን አባባል ፊት ለፊት ልሞግተው ነው። የማጥቃት መስመር የአንድን ቡድን ዕድል ምን ያህል ይወስናል? ለዋንጫ፣ ለማለፍም ሆነ ላለመውረድ በሚደረገው ትንቅንቅ ውስጥ ድርሻው ስንት ነው? መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ድርሻው ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ከአጥቂው ፊትና ኋላ ስሙ የማይጠራ ሰልፍ ከሌለ ድርሻው ዜሮ ይሆናል። ወልዲያን ሁለት ጊዜ ከፕሪሚየር ሊጉ ያወረዳትም የዚህ ሰልፍ መጉደል ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የአጥቂውን ወገን እንስማ

ፍርድ ያለ ምስክር አይሆንምና ቁጥሩን እንቁጠር። ከ2009 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ 6 ጊዜ ተጠናቋል። የ2012ቱ በኮሮና ምክንያት ተሰርዟል።

በ2009 ጌታነህ ከበደ ለደደቢት 25 ጎል አግብቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። ዋንጫውን የወሰደው ግን ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው።

በ2010 ኦኪኪ አፎላቢ ለጅማ አባ ጅፋር 23 ጎል አገባ። ጅማ በመጀመሪያ ዓመቱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በጎል ክፍያ ብልጫ ቻምፒዮን ሆነ።

በ2011 የመቐለ 70 እንደርታው አማኑኤል ገብረሚካኤል ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ መቐለም ዋንጫ አነሳ።

በ2013 አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል በማግባት የጌታነህን ክብረ ወሰን ሰበረ። ቡና ሁለተኛ ሆነ። ዋንጫው ጎንደር ገባ፤ ፋሲል ከነማ ቻምፒዮን።

በ2014 ኮከብ ግብ አግቢው የሲዳማ ቡናው ይገዙ ቦጋለ ሲሆን፣ ቻምፒዮኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር።

በ2015 ግን ኮከቡም ዋንጫውም አንድ ቤት ገቡ፤ እስማኤል ኦሮ አጎሮ እና ቅዱስ ጊዮርጊስ።

ደምሩት። ከ6 ዓመት 3ቱን ኮከብ ግብ አግቢው የቻምፒዮኑ ተጫዋች ነው፤ 3ቱን አይደለም። ሳንቲም ወርውሮ ዘውድ ወይስ ጎፈር እንደማለት ነው። 29 ጎል፣ በሊጋችን ታሪክ ማንም ያላገባው ቁጥር፣ ለቡና ዋንጫ አልገዛለትም። በሌላ በኩል ደግሞ የኦኪኪ 23 ጎሎች ባይኖሩ፣ በጎል ክፍያ ያለቀው የጅማ ዋንጫ አይታሰብም ነበር። ስለዚህ «አጥቂ ዋጋ የለውም» የሚል ሰው ኳስ አያውቅም። «አጥቂ ሁሉም ነገር ነው» የሚለውም ቁጥር አላየም።

የጅማን ቀሪ ታሪክም አትርሱት። አጥቂው ከዋንጫው በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሄደ። ያ በ2010 ሀገር ጉድ ያሰኘ ክለብ በ2014 ከሊጉ ወረደ። አራት ዓመት ብቻ! የአጥቂ ጎል አንድ ዓመት ሊያነግሥ ይችላል። አራት ዓመት የሚያቆየው ሌላ ነገር ነው።

ያ ሌላ ነገር ምንድን ነው?

ይህን ለማየት ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ። ሚኒሶታ ወይም ዋሽንግተን ዘመድ ያላችሁ የአሜሪካውን ፉትቦል፣ ያን ባለ ሞላላ ኳስ ጨዋታ፣ በቪዲዮ ሳታዩት አትቀሩም። በዚያ ጨዋታ ኳርተርባክ የሚባል ኳስ ወርዋሪ አለ፤ ዝናውም ገንዘቡም የእሱ ነው። ከፊቱ ግን አምስት ግዙፍ ሰዎች ይሰለፋሉ። የማጥቃት መስመር የሚባሉት እነሱ ናቸው። የሚገርመው ነገር፣ የማጥቃት መስመር ተብለው ሳለ በተለመደው ደንብ የተወረወረ ኳስ መቀበል አይፈቀድላቸውም። ሥራቸው መግፋት፣ መከለልና መንገድ መክፈት ብቻ ነው። ስማቸው የሚጠራው ሲሳሳቱ ነው።

አሁን ውጤቱን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2020 የውድድር ዘመን ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ከ16 ጨዋታ 14ቱን አሸነፈ። ኳርተርባኩ ፓትሪክ ማሆምስ በዘመኑ ምርጡ ነበር። በየካቲት 2021 ለዋንጫው ጨዋታ ለሱፐር ቦውል ሲደርሱ ግን፣ በመስመሩ ግራና ቀኝ ጫፍ የሚቆሙት ሁለቱ ዋና ሰዎች በጉዳት አልተሰለፉም። ምን ሆነ? ታምፓ ቤይ 31 ለ9 ቀጣቸው። ያ ሁሉ ጥበብ ያለው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲሸሽ አመሸ፤ አንድም ጊዜ ለመጨረሻው መስመር የሚበቃ ኳስ ሳያቀብል ቀረ። የተለወጠው እሱ አልነበረም፤ ከፊቱ የቆሙት ሰዎች ነበሩ።

ሌላም አለ። ሴኳን ባርክሊ የሚባል ሯጭ እ.ኤ.አ. በ2023 ደካማ መስመር ባለው በኒውዮርክ ጃያንትስ 962 ያርድ ሮጠ። በቀጣዩ ዓመት በሊጉ ከምርጦቹ አንዱ የሆነ መስመር ወዳለው ወደ ፊላደልፊያ ኢግልስ ሲዛወር 2,005 ያርድ ሮጠ። ያው እግር፣ ያው ሰው! ቡድኑም በዚያው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ።

«ታዲያ መስመሩ ደካማ ሆኖ ያለፈ የለም?» ለሚል ጠያቂም መልስ አለ። የሲንሲናቲው ጆ በሮው እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በጥሎ ማለፍ ጨዋታ 9 ጊዜ ኳስ እንደያዘ መሬት ላይ ተጥሎ ቡድኑ አሸንፏል። ችሎታ እስከ ዋንጫው ዋዜማ አደረሰው። በዋንጫው ጨዋታ ግን 7 ጊዜ ተጣለ፣ 23 ለ20ም ተሸነፉ። ኮከብ ተጫዋች የሰልፍን ጉድለት ለጊዜው ሊሸፍነው ይችላል። ዕዳው ግን የሚጠየቀው በመጨረሻው ቀን፣ በከባዱ ጨዋታ ነው።

የእኛው ምስክር፦ ናይጄሪያ

ይህን በራሳችን ብሔራዊ ቡድንም አይተነዋል። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱት በ2005 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ለዓለም ዋንጫ የመጨረሻው የጥሎ ማለፍ ምዕራፍ ደረሱ። የዚያን ጊዜ የማጥቃት መስመራችን እነ ሳላዲን ሰዒድን፣ ጌታነህ ከበደንና አዳነ ግርማን የያዘ ነበር። ከዚያ የተሻለ መስመር በእኛ ዕድሜ አላየንም ብል የሚከራከረኝ ጥቂት ነው።

ግን እንዴት ወደቅን? በጥር 2005 በደቡብ አፍሪካ ናይጄሪያ 2 ለ0 አሸነፈችን። ሁለቱም ጎሎች ከ80ኛው ደቂቃ ጀምሮ የተቆጠሩ ፍፁም ቅጣት ምቶች ነበሩ። በጥቅምት 2006 አዲስ አበባ ላይ በበኃይሉ አሰፋ ጎል መርተን 2 ለ1 ተሸነፍን፤ ሁለተኛው ጎል በመጨረሻው ደቂቃ የተሰጠ ፍፁም ቅጣት ምት ነው። በኅዳር ካላባር ላይ 2 ለ0 ተሸነፍን፤ የመጀመሪያው አሁንም ፍፁም ቅጣት ምት።

በእነዚህ ሦስት ጨዋታዎች ከገቡብን 6 ጎሎች 4ቱ ፍፁም ቅጣት ምት ናቸው። ይህ ምን ይነግረናል? ፍፁም ቅጣት ምት የሚሰጠው የተከላካይ እግር ሲዝል፣ ሐሳብ ሲበተን፣ አንድ እርምጃ ሲዘገይ ነው። የወደቅነው አጥቂ አጥተን አይደለም። የ90 ደቂቃ ትንፋሽ፣ የተቀያሪ ተጫዋች ጥራት፣ የአካል ብቃት ዝግጅት፣ ማለትም የማይታየው ሰልፍ ነው የከዳን። እኛ ግን እስከ ዛሬ የምናወራው ስለ ሳቱት ኳሶች ነው።

አሁን ወደ ቤታችን

ወልዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሪሚየር ሊግ የገባችው በ2007 ነው። በዓመቱ ወረደች። በ2009 ተመለሰች። በዚያው ዓመት በጥር ወር የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ተመረቀ። ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ፣ በክፍለ ሀገር ከተማ እንዲህ ዓይነት ሜዳ ይሠራል ብሎ ማንም ያላሰበው ስታዲየም ነው። ያን ቀን የወልዲያ ሰው፣ ከመርሳ፣ ከውርጌሳ፣ ከቆቦ በመኪና ተጭኖ የመጣውም ሕዝብ፣ ከተማችን ተለወጠች ብሎ አመነ። ማመኑም ትክክል ነበር።

ከዚያ 2010 መጣ። በጥቅምት መጨረሻ የስታዲየሙ ባለውለታ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ታሰሩ፤ የተፈቱት በጥር 2011 ነው። በኅዳር ወልዲያ ከመቐለ ከተማ ጋር ልታደርገው በነበረው ጨዋታ ዙሪያ ሁከት ተነሣ፤ ጨዋታው በቀኑ አልተካሄደም። በጥር፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ በከተማዋ የሰው ሕይወት ጠፋ። በእንዲህ ዓይነት ዓመት ውስጥ አንድ ቡድን 30 ጨዋታ እንዲጫወት ይጠበቅ ነበር። ወልዲያ ወረደች። ከዚያ ወዲህም ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አልተመለሰችም።

እስቲ በሐቅ እንነጋገር። በ2010 የወልዲያ ማሊያ ለብሶ 20 ጎል የሚያገባ አጥቂ ቢኖር ኖሮ ትተርፍ ነበር? ምናልባት። ነገር ግን ሰላም ባጣ ከተማ፣ ልምምዱ በሚቋረጥ፣ በሜዳው መጫወት አለመጫወቱን እርግጠኛ ባልሆነ ቡድን ውስጥ 20 ጎል የሚያገባ አጥቂ ከየት ይመጣል? ማሆምስ እንኳ ከፊቱ የሚቆምለት ሲያጣ ሲሸሽ ነው ያመሸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የምታውቁት ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ከተማዋ በጦርነት ውስጥ ነበረች። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል። የሀብሩ ልጅ ለልምምድ ወልዲያ ደርሶ ለመመለስ መንገዱ ክፍት መሆኑን መጠየቅ የሚጀምረው ማለዳ ነው። እንግዲህ የማይታየው ሰልፍ የምለው ይህንን ሁሉ ይጨምራል። መንገድ፣ ሰላም፣ በወሩ የሚከፈል ደሞዝ፣ ወጌሻ፣ ሣር የሚያጠጣ ሠራተኛ፣ ታዳጊ የሚያሠለጥን አሠልጣኝ። ለእነዚህ ማንም አይዘፍንም።

ስታዲየሙ ብቻውን ለምን አልበቃም?

«ሜዳ አለን እኮ!» የሚል መልስ ይመጣል። አዎ አለን። ነገር ግን ከ2013 ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ አሠራር ተለውጧል። ጨዋታዎቹ በቴሌቪዥን እንዲተላለፉ ተብሎ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው መጫወት ጀምረዋል። ይህ ማለት ነገ ወልዲያ ወደ ሊጉ ብትመለስ እንኳ፣ ያ የሚያስፈራው የሜዳ ድጋፍ እንደ ድሮው ተሰጥቶ የሚገኝ ላይሆን ይችላል። ስታዲየሙ ጥቅም የሚሰጠው ተንከባክበነው፣ ከተማዋ ሰላም ሆና፣ ውድድር ለማስተናገድ ብቁ ሆና ስትገኝ ነው።

የሀገሪቱን ነገር ደግሞ ተመልከቱ። ዋልያዎቹ በሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ0 ያሸነፉበት ያ ድንቅ የ«ሜዳችን» ጨዋታ የተደረገው ማላዊ ውስጥ ነው! የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መስፈርት የሚያሟላ ሜዳ ጠፋ ተብሎ 120 ሚሊዮን ሕዝብ ያለው ሀገር በሰው ሀገር ሜዳ ተከራይቶ ተጫወተ። ስታዲየም ማስመረቅ እናውቃለን። ሪባን እንቆርጣለን፣ ፎቶ እንነሣለን። መብራቱን፣ መልበሻ ክፍሉን፣ ሣሩን በየዓመቱ የመጠበቅ ሥራ ግን ፎቶ የለውምና ባለቤት አያገኝም። ስታዲየም ማስመረቅ እንደ አጥቂ ማስፈረም ነው። መንከባከቡ የሰልፉ ሥራ ነው።

ከመርሳ ገበሬ እንማር

መርሳ በብርቱካንና በማንጎ የምትታወቅ ከተማ ናት። የሀብሩ ገበሬ ማንጎ ሲተክል በዓመቱ ፍሬ አይጠብቅም። ውኃ ያጠጣል፣ ከከብት ይከልላል፣ ይታገሣል። ከዚያው ወረዳ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም አንድ የማሽላ ዝርያ ገበሬው እጅ እስኪደርስ ዓመታት ይደክምበታል። አካባቢያችን ትዕግሥትን ከማንም አይማርም። ታዲያ ኳስ ላይ ስንደርስ ለምን ገበያ ወጥተን የበሰለ ፍሬ ብቻ እንገዛለን? የተገዛ ፍሬ በሳምንቱ ያልቃል። የተከልነው ግን የልጅ ልጅ ይበላዋል።

በእኔ እይታ ወልዲያ ዳግም ስትነሣ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይበጃል።

1. ደሞዝ መጀመሪያ። ክለቡ ለ12 ወር መክፈል የሚችለውን ያህል ተጫዋች ብቻ ያስፈርም። ፊርማ ተብሎ ለአንድ አጥቂ የሚወጣው ገንዘብ የአሥር ልጆችን ደሞዝ የሚያዘገይ ከሆነ ያ አጥቂ ኪሳራ ነው። ሦስት ወር ያልተከፈለው ተከላካይ በ85ኛው ደቂቃ እግሩን እንዲያነሣ መጠበቅ ግፍ ነው።

2. ታዳጊዎች በየከተማው። ወልዲያ ብቻ ሳትሆን መርሳ፣ ሲሪንቃ፣ ውርጌሳ፣ ሀራ፣ ቆቦ የታዳጊ ፕሮጀክት ይኑራቸው። የወልዲያ ዩኒቨርሲቲም ባለሙያውን ያዋጣ። ከእነዚህ ልጆች ዋና ዋና ተከላካዮችና አማካዮች ቢወጡ፣ አጥቂ መግዛት ቢያስፈልግ እንኳ የሚገዛው አንድ ብቻ ይሆናል።

3. የስታዲየሙ ጥገና ራሱን የቻለ በጀት ይኑረው። ለሠርግና ለስብሰባ ከሚገኝ ኪራይም ሆነ ከከተማው አስተዳደር የሚመደበው ገንዘብ በግልጽ ይነገር። ሕዝብ ያየውን ነገር ያግዛል።

4. ደጋፊው ተደራጅቶ ሰላም ይጠብቅ። በ2010 የሆነውን ያየ ሰው ይህን እንደ ተጨማሪ ነገር አይቆጥረውም። በሜዳ የእንግዳ ቡድንን ደኅንነት መጠበቅ ነጥብ ከመሰብሰብ አይተናነስም። የወሎ ሰው ደግሞ እንግዳ መቀበልን የሚያስተምረው አያስፈልግም።

«በዚህ ሰዓት ስለ ኳስ?»

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ አክብጄም ነው የማየው። ሰው እየሞተ፣ ትምህርት ቤት እየተዘጋ፣ የኑሮ ውድነት እያንገበገበ ስለ አጥቂና ተከላካይ መጻፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል።

ግን እስቲ አስቡት። የ16 ዓመት ልጅ ከሰዓት በኋላ የት ይዋል? ትምህርት ቤቱ በተቋረጠበት፣ ሥራ በሌለበት፣ ዕድሜው ለጠመንጃ በተቃረበበት ሰዓት ልምምድ የሚባል ነገር፣ «ሰኞ 10 ሰዓት እንዳትቀር» የሚለው አሠልጣኝ፣ የሚጠብቁት ጓደኞች ካሉት ያ ልጅ አንድ ገመድ ይዟል ማለት ነው። የሚሰደደውንም አትርሱ። ከሀብሩና ከጉባላፍቶ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ የሚጓዘው ልጅ ስንት ነው? ኳስ ይህን ሁሉ ያስቀራል አልልም። ኳስ ሰላም አያመጣም። ሰላም ሲመጣ ግን የሚቀበለው ወጣት ያስፈልጋል፤ ያን ወጣት የሚያቆየው እንዲህ ዓይነት ትንሽ ትንሽ ነገር ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። «አጥቂ ቢኖረን» የሚለው አባባል በኳስ ብቻ አያበቃም። በፖለቲካችንም «አንድ ጀግና ቢመጣ»፣ በኢኮኖሚውም «አንድ ባለሀብት ቢያየን» እንላለን። ከተማችን ባለሀብት አይቷታል፣ ስታዲየምም ሠርቶላታል። ባለውለታችንን እናመሰግናለን። ነገር ግን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ነገር፣ ያ ሰው በሌለበት ቀን ምን እንደሚሆን በ2010 አይተናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ስለ ድሩ እንጂ ስለ አንበሳው አይደለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «አጥቂ ማን መጣ?» የሚል ሰው ስትሰሙ፣ እናንተ ደግሞ ጠይቁት። ደሞዝ ተከፍሏል? ሣሩን ማን እያጠጣው ነው? ከመርሳ ስንት ልጅ ልምምድ ላይ አለ? መንገዱስ ሰላም ነው? ለእነዚህ መልስ ያለው ቀን፣ አጥቂው ራሱ ደውሎ «ልምጣ?» ይላል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ወልዲያን ያወረዳት የጎል ድርቅ ነው ወይስ የሰልፉ መጉደል? በተለይ በ2007ም ሆነ በ2010 ሜዳ ገብታችሁ ያያችሁ፣ ሐሳባችሁን ከታች አስፍሩልን።

ቸር ያሰማን።